«ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል»

ባለፉት ስድስት ዓመታት አዲስ አበባ ውስጥ አራት ቤት ተከራይቻለሁ። ዕቃዬን አይሱዙ ላይ ጭኜ በወጣሁ ቁጥር እናቴ የምትለኝ አንድ ነው። «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል።» ግንዱ እንግዲህ አልጋዬና ቁም ሳጥኔ መሆኑ ነው።

አባባሉ ዓይን ካየው የመጣ ነው። ዓባይ ክረምት ላይ ሲሞላ ዛፉን ከነሥሩ ነቅሎ ይወስዳል። ወንዙ ዳር የቆመ ገበሬ ይህን አይቶ ቢገረም አይፈረድበትም። ግንድ እኮ የቤት ነገር ነው። ምሰሶ ይሆናል፣ ባይሆን ይነድዳል። ዓባይ ግን ጎጆ አይቀልስ፣ እሳት አይሞቅ፤ ዝም ብሎ ተሸክሞ ይሄዳል። ብዙ ሰው «መኖሪያ የለውም» የሚለውን ይዞ ያልፋል። ለእኔ ግን ቀልዱ ያለው ግንዱ ላይ ነው። ለዚህም ነው ራሱ ሳያርፍ ጓዝ ለሚያበዛ፣ ወይም ሰው ቤት ተጠግቶ እያደረ ሌላ አስከትሎ ለሚመጣ የሚተረተው።

«አባይ» ከ«አበለ» ሲወጣ ውሸታም ማለትም ነው፤ «አባይ ጠንቋይ» እንደምንለው። ስለዚህ «ውሸታም ማረፊያ የለውም» ብሎ መፍታትም ይቻላል። ጥሩ ጨዋታ ነው። ግን ውሸታም ግንድ ምን ያደርግለታል?

መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ጉባ ላይ የህዳሴው ግድብ መሠረት ሲጣል ደግሞ ሰው ለተረቱ መልስ አገኘለት። «ዓባይ ማደሪያ ሊያገኝ ነው!» 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ የሚይዝ ሐይቅ፤ ከዚህ ወዲያ ምን ማደሪያ አለ? ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ግድቡ ሲመረቅማ «ተረቱ ተሻረ» የሚለው በዛ።

እኔ አልተሻረም ባይ ነኝ። ድሮም ቢሆን ለወንዙ ብሎ የተረተ የለም። ተረት ሲወረወር ቤት ውስጥ ያለው ሁሉ በሆዱ «ለማን ይሆን?» ይላል። የተባለለት ሰው ሁለት ምርጫ አለው፤ ማኩረፍ ወይም መሳቅ። ሦስተኛም አለ፣ በተረት መመለስ። እናቴ ያደገችው ጎጃም ነው። ውሃ በሳምንት አንዴ የምትመጣበት ሰፈር የገባሁ ጊዜ እንደለመደችው ስትተርትብኝ «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» አልኳት። ሳቀች። ያን ቀን እኩል ወጣን።

ግድቡ በተመረቀ ቀን ማታ ደወልኩላት። ዛሬስ አሸነፍኳት ብዬ ነው።

«እማዬ፣ ዓባይ እኮ ማደሪያ አገኘ!»

«እሱስ አገኘ፣ ተመስገን» አለችኝ። «አንተስ?»