አሮጌ ሞተር ይዞ ትራክ መውጣት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሰሞኑን ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር አንድ ወዳጄ ደወለልኝ። የ2001 ሱዙኪ ኤስቪ650 ሞተርሳይክል በርካሽ ገዝቷል። ሰሚት ፖይንት ሄዶ ከጀማሪዎች ጋር ትራክ፣ ማለትም የመወዳደሪያ መንገድ ላይ፣ ሊነዳ ተመዝግቧል። ሰሚት ፖይንት ዌስት ቨርጂኒያ ያለ የመኪናና የሞተር መወዳደሪያ ነው፤ ከዋሽንግተን የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ቢሆን ነው። ዋናው ትራክ 2 ማይል ርዝመትና 10 ኩርባዎች አሉት።

«ቅድሚያ ማርሚታውን ልቀይር አይደል?» አለኝ። ሳቄ መጣ። እኔም መጀመሪያ ስሄድ የጠየቅኩት ይህንኑ ነበር። ከማርሚታው ሌላም ሰው የነገረውን ሁሉ ዘረዘረልኝ። አብዛኛው ስህተት ነው።

«በአሮጌ 650 መሳቂያ እሆናለሁ»

ማንም አይስቅም። ኤስቪ650 ከ1999 ጀምሮ የተሠራ ባለ ሁለት ሲሊንደር ሞተር ነው። ጉልበቱ 70 ፈረስ ገደማ ነው። አሜሪካ ውስጥ በአማተሮች የቀላል ሞተር ውድድር ላይ ለዓመታት ሲሮጥ የኖረ ነው። ባለ 1000 ሲሲ ይዞ የመጣ ጀማሪ ቀጥታው ላይ ጥሎህ ይሄዳል፤ ኩርባው ላይ ግን ፈርቶ ሲንቀረፈፍ ትደርስበታለህ። ትንሽ ሞተር ስህተትህን በጉልበት አይሸፍንልህም። ለዚህ ነው የሚያስተምረው።

ደግሞስ ቀኑ ውድድር አይደለም። ሽልማት የለም፣ አሸናፊም የለም። ጀማሪዎች ለብቻቸው ይወጣሉ፣ አሰልጣኝ አብሯቸው ይነዳል፣ የት መቅደም እንደሚቻል ደንብ አለው። አንዱ ምድብ 20 ደቂቃ ያህል ይነዳል፤ ከዚያ ሌላው ምድብ ይገባል።

«መጀመሪያ ማርሚታ፣ ቀጥሎ ሌላው»

ማርሚታ ድምፅ ይጨምራል፤ በዚህ ሞተር ላይ ጉልበቱን ያን ያህል አይለውጠውም። እንዲያውም የድምፅ ገደብ ያለው ትራክ ላይ ሊያስወጣህ ይችላል። ያረጀ ሞተር ችግሩ ዕድሜው እንጂ አቅሙ አይደለም። ላስቲኩ ይደርቃል፣ ዘይቱ ይበላሻል፣ ኩሽኔታው ይላላል። ገንዘብ ካለ መሄድ ያለበት ወደዚያ ነው።

«ጎማው ገና ጥርስ አለው»

አሮጌ ሞተር የገዛን ሰው ሁሉ የሚያታልለው ይሄ ነው። ጋራዥ ውስጥ ዓመታት የቆመ ሞተር ጎማው አያልቅም፤ ግን ይደርቃል። ላስቲኩ ከጠነከረ አስፋልቱን አይጨብጥም፣ በተለይ ሞተሩ ሲጋደም። ዕድሜው ጎኑ ላይ ተጽፏል። «ዶት» (DOT) ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት ቁጥሮች አሉ። 2417 ከሆነ በ2017፣ በ24ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ወዳጄን ሂድና እይ አልኩት። የኋላው 1612 ይላል። የ2012 ጎማ! ጥርሱን ብታይ ግን ትናንት የተገጠመ ይመስላል።

«እንግዲያው ስሊክ ልግዛ» አለ ቀጥሎ። ስሊክ ጥርስ የሌለው የውድድር ጎማ ነው። በማሞቂያ ሞቆ ካልወጣ፣ ከዚያም በፍጥነት ሙቀቱ ካልተጠበቀ አይዝም። ጀማሪ ደግሞ ያንን ሙቀት አያገኝም። አዲስ የመንገድ ስፖርት ጎማ ይበቃል፣ ይተርፋልም።

የጎማው ንፋስም አለ። አንዳንዱ «ትራክ ላይ በጣም መቀነስ ነው» ብሎ እንደ ትራስ ያለሰልሰዋል። ጎማው ሲሞቅ ግፊቱ ይጨምራል፤ ስለዚህ ከመንገዱ ጥቂት መቀነስ ልክ ነው። ብዙ ጀማሪ በመንገድ ጎማ ሲወጣ በቀዝቃዛው ከ30 እስከ 32 ፒኤስአይ አካባቢ ይጀምራል። እዚያው ጎማ የሚሸጥ ሰው ካለ ስለዚያ ጎማ እሱን መጠየቅ ነው። ማታ ሞተሩን እየነዱ የሚመለሱ ከሆነ መልሶ መሙላት እንዳይረሳ።

«ሸራው ወፍራም ነው፣ ፍሬኑ ደህና ነው»

በዚህ የተቀጣሁት እኔ ራሴ ነኝ። የመጀመሪያ ቀኔ ላይ ሸራው አዲስ ነበር፣ በጣም ኮርቼበታለሁ። በሦስተኛው ዙር ዋናው ቀጥታ መንገድ ሲያልቅ የፊት ፍሬኑን ያዝኩ። እጀታው ለስላሳ ሆነና እስከ መሪው መጣ። ደግሜ ደጋግሜ ስጨብጠው ያዘልኝ እንጂ ሳሩ ውስጥ ነበርኩ። እጄን አንስቼ ወደ ፒት፣ ሞተሮቹ ወደሚቆሙበት፣ ገባሁ። ለግማሽ ሰዓት ከማንም ጋር አላወራሁም።

ምክንያቱ ዘይቱ ነበር። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 4 የሚባለው አዲስ ሲሆን ቢያንስ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እስኪደርስ አይፈላም። እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን ደረጃው የሚጠይቀው 155 ብቻ ነው። ከተማ ውስጥ ይህ ልዩነት አይታወቅም። ትራክ ላይ በየዙሩ በኃይል ሲያዝ ይፈላል፣ አረፋ ይሠራል፤ አረፋ ደግሞ ይጨመቃል። እጀታው ባዶ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ሱዙኪ ዘይቱን በየሁለት ዓመቱ፣ የላስቲክ ቱቦዎቹን በየአራት ዓመቱ ቀይሩ ይላል። የ2001 ሞተር ላይ ፋብሪካው የገጠመው ቱቦ እስካሁን ካለ ቢያንስ አምስት ጊዜ ዘሎታል ማለት ነው። በሽቦ የተሸመነ የብረት ቱቦ መግጠም ይሻላል። ዋጋው ከማርሚታ በብዙ ያንሳል። ዶት 5.1 ከዶት 4 ጋር ይስማማል። ዶት 5 ግን ሲሊኮን ነው፣ እንዳይቀላቀል። በአንዲት ነጥብ ስንት ሰው ተሳስቷል!

«ራዲያተሩ ውስጥ ጥሩ አንቱፍሪዝ አለ፣ አልነካውም»

አገር ቤት ራዲያተር ላይ ውሃ ብቻ ሲጨመር ያየ ሜካኒክ ይቆጣል፤ ዝገት ያመጣልና ልክ ነው። እዚህ ግን ብዙ የትራክ ቀን አዘጋጆች የሚፈልጉት ውሃውን ነው። አንቱፍሪዝ ውስጥ ያለው ግላይኮል አስፋልት ላይ ከፈሰሰ ቅባት ነው፤ ቶሎ አይደርቅም፣ ከኋላ የሚመጣውን ይጥላል። ስለዚህ አጥቦ የተጣራ ውሃ መሙላት። ለጀማሪ የማያስገድዱም አሉ፤ ደንቡን ማንበብ ነው። ክረምት ሳይገባ ግን አንቱፍሪዙ ይመለስ። ውሃው በረዶ ከሆነ ሞተሩን ይሰነጥቀዋል።

«ካቴና ጠበቅ ሲል ይሻላል»

አይሻልም። ሞተሩ ሲጫን የኋላ ጎማው ወደ ላይ ይወጣል፣ ካቴናውም ይበልጥ ይወጠራል። መላላቱ ማኑዋሉ በሚለው ልክ ይሁን። ከጠበቀ የማርሹን ኩሽኔታ ይበላል።

«ብሎን ሁሉ በሽቦ ካልታሰረ አያስገቡም»

ያ በአብዛኛው የውድድር ደንብ ነው። ጀማሪ ምድብ ላይ ብዙውን ጊዜ የዘይት መውረጃ ብሎኑና ፊልትሮው መጥበቃቸውን፣ ምንም አለመንጠባጠቡን ያያሉ። ስፖኪዮ ይወልቃል፣ ታርጋና ፍሬቻም ቢወልቅ ጥሩ ነው። መብራቶቹ ላይ ቴፕ ይለጠፋል። የፊት መብራቱን ፊውዝ ማውጣት አይረሳ፤ ሙቀቱ ቴፑን አቅልጦ ያጣብቀዋል፣ ማስለቀቁ አበሳ ነው።

«ሙሉ ኢንሹራንስ አለኝ»

ውሉን አንብበው። አብዛኛው የመንገድ ኢንሹራንስ ትራክ ላይ የደረሰን አይከፍልም። ርካሽ አሮጌ ሞተር ይዞ መሄድ አንዱ ጥቅሙም ይሄ ነው፤ ቢወድቅ ሆድ አይቆርጥም። በቆዳ ልብሱና በሄልሜቱ ላይ ግን መቆጠብ አያስፈልግም።

ወዳጄ ከትናንት ወዲያ ፎቶ ላከልኝ። ከፊት ፍሬኑ የወጣውን ዘይት በብርጭቆ አድርጎታል፤ ሦስተኛ ሳይሆን አቦል ቡና ይመስላል። አዲሶቹን ጎማዎች አዟል። ማርሚታውን እስካሁን አላነሳብኝም።