የዕጣን ዛፍ ሸሪክ

የዕጣን ዛፍ ቅጠል የሚያወጣው በክረምት ነው። በጋ ሲገባ ያራግፍና ብዙውን ወር በባዶ ቅርንጫፍ ይገፋል። ከመተማና ከቋራ እስከ ትግራይ፣ እስከ ቤንሻንጉል ጉሙዝ የሚበቅልበት መሬት አብዛኛው ድንጋያማ ነው። አፈሩ ስስ ነው። ዝናቡም ዛሬ ዘንቦ ለቀናት ሊጠፋ ይችላል። ዛፉ ይህን ሁሉ በሥሩ ብቻ አይችለውም። ሥሩ ውስጥ በዓይን የማይታይ ፈንገስ አብሮት ይኖራል።

ይህ ሽርክና ማይኮራይዛ ይባላል፤ በግሪክኛ «የፈንገስ ሥር» እንደ ማለት ነው። ስሙን በ1885 እ.ኤ.አ. ያወጣው ጀርመናዊው አልበርት በርንሃርድ ፍራንክ ነው። የሰውየው ሥራ ሌላ ነበር፤ የፕሩሺያ መንግሥት ትሩፍል የሚባለውን ውድ እንጉዳይ ማልማት ይቻል እንደሆነ አጥና ብሎት ነው። ትሩፍል ሲፈልግ ይህን አገኘ።

በዕጣን ዛፍና በግራር ሥር የሚኖረው የፈንገስ ዓይነት ግን እንጉዳይ አያወጣም። ቀጫጭን ክሮቹ ወደ ሥሩ ሴሎች ይገቡና እዚያ እንደ ትንሽ ዛፍ ይንሰራፋሉ። ንግዱ የሚካሄደው እዚያ ነው። ዛፉ በፀሐይ ከሠራው ስኳርና ቅባት ያካፍላል። ፈንገሱ በምላሹ ፎስፈረስ ያመጣል፤ ውሃ ለማግኘትም ያግዛል። ፎስፈረስ አስቸጋሪ ነገር ነው፤ አፈር ላይ ሙጭጭ ይላል፣ አፈሩ ሲደርቅ ደግሞ ይብስበታል። የፈንገሱ ክር ግን አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሚሊ ሜትር መቶኛ ስለሚቀጥን፣ ሥር በማይደርስበት ቀዳዳ ሁሉ ይሽሎከለካል።

ሁሉም ተክል አይሻረክም። ጎመንና ሰናፍጭ ለምሳሌ ያለ ፈንገስ ሸሪክ ነው የሚኖሩት።

በኢትዮጵያ የዕጣን ዛፍ ችግኞች ላይ በተደረገ ሙከራ፣ ፈንገሱ ያላቸው ከሌላቸው የተሻለ አድገዋል፤ ውሃ እየተቆራረጠ ሲደርሳቸውም። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በብዙ ቦታ ዘሩ ይበቅላል፣ ችግኙ ግን ወጣት ዛፍ ሳይሆን ይቀራል። እርግጥ ግጦሽና እሳት ባሉበት ፈንገስ ብቻውን አያድነውም።

ችግኝ ጣቢያ ላይ ፈንገሱን ለችግኙ ለመስጠት ርካሹ ዘዴ ከእናት ዛፉ ሥር እፍኝ አፈር ዘግኖ ከችግኙ አፈር ጋር መቀላቀል ነው። በሽታም አብሮ ሊመጣ ስለሚችል ጤነኛ ዛፍ መምረጥ ያስፈልጋል። ፓይን የሚባለው ዛፍ ወደ አፍሪካ ሲገባም በብዙ ቦታ ይቀጭጭ ነበር፤ የራሱ ፈንገስ ያለበት አፈር ሲጨመርለት ነው ቀና ያለው።

የዕጣን ዛፉ ፈንገስ ተክል ከሌለ ዕድሜ የለውም። ዛፉ ተቆርጦ መሬቱ ራቁቱን ከቆየ፣ የላዩም አፈር በጎርፍ ከሄደ፣ የፈንገሱ ክርም ዘርም እየሳሳ ይሄዳል። ስለዚህ ሲተከል ያለውን ቁጥቋጦ ሙልጭ አድርጎ ከመመንጠር ትንሽ መተው ይሻላል፤ ፈንገሱ እሱ ሥር ሊቆይ ይችላል።