የጓሳ ማለዳ፦ በመንዝ የሣር ሜዳ ላይ የሚደረግ የእግር ጉብኝት

ጓሳ በሰሜን ሸዋ፣ መንዝ ውስጥ የሚገኝ ሰፊ የደጋ ሣር ሜዳ ነው። ከአዲስ አበባ 260 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። በደብረ ብርሃን አልፎ ጣርማ በር ላይ ወደ መሐል ሜዳ በሚታጠፈው መንገድ ይደረሳል። ከፍታው ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ነው። ስፋቱን አንዳንዱ ጽሑፍ 100፣ ሌላው 111 ካሬ ኪሎ ሜትር ይለዋል።

ጉብኝቱ ጎህ ሲቀድ ይጀመራል። ጭላዳዎች ሌሊቱን የሚያድሩት ከሜዳው ጫፍ ቁልቁል በሚወርደው ገደል ላይ ነው። ፀሐይ ስትወጣ አንድ በአንድ ወደ ላይ ይወጣሉ። ወዲያው ግን አይግጡም። መጀመሪያ ጀርባቸውን ለፀሐይ ሰጥተው ይቀመጣሉ፤ እርስ በርስ ይቀማመላሉ። ወንዱ ደረቱ ላይ ያለው ቀይ ቆዳ በዚህ ሰዓት ጎልቶ ይታያል። ይህን ለማየት ቀድሞ ገደሉ አፍ ላይ መድረስ ያስፈልጋል። ብርዱ የዋዛ አይደለም። መንዜ ከበግ ጠጉር የሚሠራውን ባና ያለ ምክንያት አልለመደውም።

ቀይ ቀበሮም የማለዳ እንስሳ ነው። መንጋው ንጋት ላይ አንድ ላይ ሆኖ ድንበሩን ይዞራል፤ ከዚያ ለአደን ይበታተናል። የሚያድነው አይጥና ፍልፈል ስለሆነ ብቻውን መሄድ ይመቸዋል። በዓለም ላይ የቀረው ቀይ ቀበሮ 500 ገደማ ብቻ ነው፤ የሚኖረውም ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነው።

ስለ ጓሳ ጭላዳዎች ብዙ የሚታወቀው እ.ኤ.አ. ከ2005 ወዲህ ነው። በዚያ ዓመት ተመራማሪዎቹ ፒተር ፋሺንግና ንጋ ንጉየን የጭላዳ ጥናት ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው ግኝት በተለይ ይገርማል። ቀይ ቀበሮ በጭላዳዎች መሐል ሆኖ ሲያድን ከሞከረው 67 በመቶ ያህሉ ይሳካለታል፤ ብቻውን ሲሆን 25 በመቶ ብቻ። ምክንያቱ ጭላዳዎቹ ሲግጡ አይጦቹን ከተደበቁበት ስለሚያስወጧቸው ሊሆን ይችላል፤ ወይም አይጦቹ ቀበሮውን ከመንጋው መለየት ስለሚያቅታቸው። ቀበሮው ግልገላቸውን እስካልነካ ድረስ ጭላዳዎቹ ዝም ይሉታል። አንዴ አንዱ ቀበሮ ግልገል ሲነጥቅ ተረባርበው አስጣሉት፤ ተመልሶ እንዲጠጋም አልፈቀዱለትም።

በሣሩ ውስጥ ሲሄዱ እግር ሥር ማየትም ደግ ነው። ለቦታው ስሙን የሰጠው የጓሳ ሣር ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ ለዝናብ ገሳ ይሠራበታል። ጅብራ ለዓመታት ቆይቶ አንዴ ብቻ ያብባል፤ ከዚያ ይደርቃል። አፈር የተቆለለበት ጉብታ የፍልፈል ሥራ ነው። አስታ የሚባለው ቁጥቋጦም አለ። ከወፎች ውስጥ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ሌላ የማይገኙ አሉበት።

ይህ ሁሉ የተረፈው በመንዝ ሰዎች ጥበቃ ነው። በአካባቢው ትውፊት መሠረት በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አስቦና ጌራ የተባሉ አባቶች መሬቱን በፈረስ ግልቢያ ተካፈሉ፤ ጓሳንም ለግጦሽና ለሣር አጨዳ ብለው ለዩት። ከዚያ ቄሮ በሚባል የአካባቢው የጋራ ጥበቃ ሥርዓት ተጠበቀ። ሜዳው ለተከታታይ ሦስት፣ አንዳንዴ አምስት ዓመት ይዘጋ ነበር፤ ሣሩ ሲደርስ በሥርዓቱ አለቆች ውሳኔ ይከፈት ነበር። ሕጉን የጣሰ ቤቱ እስከ መቃጠል ይደርስ ነበር ይባላል።

የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን አፈረሰው። በኋላ ኅብረተሰቡ በራሱ ኮሚቴ ጥበቃውን መለሰ።

ዛሬ ጎብኚን የሚመሩት የአካባቢው ልጆች ናቸው። ማደሪያውም የኅብረተሰቡ ነው። በክረምት ጭጋግ ብዙ ጊዜ ሜዳውን ይሸፍነዋል። መስከረምና ጥቅምት አበባው ያምራል። ከኅዳር ጀምሮ ሰማዩ ጥርት ይላል፤ ውርጩ ግን ይጠናልና ጓንትና ኮፍያ ይያዝ። ለጭላዳ ምግብ አይሰጥም። ቀበሮ ሲታይ ቆም ብሎ መጠበቅ ይሻላል፤ ካልተከተሉት አይጥ ፍለጋውን ይቀጥላል።