ስለ ዲሲ ሞተር የኤሌክትሪክ ረብሻና ፍጥነት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በድሬዳዋ አርዱይኖን በመሰሉ የማይክሮኮንትሮለር ቦርዶች (በኮድ የሚታዘዙ ትንንሽ ኮምፒውተሮች) ትንንሽ ማሽኖችን የሚሠሩ ወጣቶች ከከተማዋ «ታይዋን» ገበያ የሚገዙት ወይም ከአሮጌ ፕሪንተር የሚነቅሉት ሞተር መመሪያ ወረቀት ስለማይኖረው፣ ብልሽት ሲገጥማቸው የሚመሩት ከአፍ ለአፍ በተላለፈ ምክር ነው። ከምክሮቹ ግማሽ እውነት የሆኑት ይበልጥ ያሳስታሉ።

«ቦርዱ ሪሴት የሚያደርገው ኮዱ ስለተሳሳተ ነው።» ሞተሩ ሲነቀል ችግሩ ከጠፋ መጀመሪያ መፈተሽ ያለበት የኃይል አቅርቦቱ ነው። ሞተር ከቆመበት ሲነሳ የሚስበው ከረንት ያለ ጭነት ሲዞር ከሚስበው ብዙ እጥፍ ስለሚሆን፣ ከቦርዱ ጋር አንድ ደካማ ምንጭ ከተጋራ ቮልቴጁ ለቅጽበት ይወድቃል፤ ቦርዱም ሪሴት ያደርጋል፣ ማለትም ሥራውን አቋርጦ እንደ አዲስ ይነሳል።

«ትልቅ ካፓሲተር ረብሻን ሁሉ ያጠፋል።» 1000 ማይክሮፋራድ ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተር (የኤሌክትሪክ ቻርጅ የሚያከማች ዕቃ) በድራይቨሩ፣ ማለትም ሞተሩን በሚነዳው ሰርኪዩት፣ የኃይል መግቢያ ላይ ሲደረግ ከላይ የተጠቀሰውን የቮልቴጅ መውደቅ ይደግፋል፤ በሞተሩ ውስጥ ባለው የካርቦን ብሩሽና ብሩሹ በሚነካው የሚዞር መዳብ (ኮሙቴተር) መካከል ከሚፈጠረው ብልጭታ የሚመነጨው ረብሻ ግን ድግግሞሹ እጅግ ከፍተኛ ስለሆነ አይደርስበትም። ይህንን የሚይዙት 100 ናኖፋራድ የሆኑ ሴራሚክ ካፓሲተሮች ናቸው፤ አንዱ በሞተሩ ሁለት እግሮች መካከል፣ ሁለቱ ደግሞ ከየእግሩ ወደ ሞተሩ የብረት ገላ ይበየዳሉ። ገላው በብርጭቆ ወረቀት ካልተፋቀ የብየዳው ሊድ እንደማይዝ ልብ ይሏል። ካፓሲተሮቹ በቦርዱ በኩል ከተደረጉ ረጅሙ የሞተር ሽቦ ረብሻውን እንደ አንቴና መርጨቱን ይቀጥላል፤ ሁለቱን ሽቦዎች አንድ ላይ መግመድም ይረዳል።

«ዳዮድ ካለ በቂ ነው።» ዳዮድ (ከረንትን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዕቃ) ሞተሩን የሚያበራና የሚያጠፋውን ትራንዚስተር ከሞተሩ የሽቦ ጥቅል ከሚነሳው ቮልቴጅ ያድናል እንጂ የብሩሹን ብልጭታ አያስቀርም።

«የፒደብሊውኤም ቁጥሩ ካልተቀየረ ፍጥነቱም አይቀየርም።» ፒደብሊውኤም ኃይሉን በፍጥነት እያበሩና እያጠፉ የመስጠት ዘዴ ሲሆን፣ ቁጥሩ የሚወስነው አማካይ ቮልቴጁን ብቻ ነው፤ ፍጥነቱ በጭነቱ፣ በባትሪው ሁኔታና በጥቅሉ ሙቀትም ይለወጣል። የመዳብ ሬዚስታንስ በየ1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 0.4 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር፣ ጠዋት ጥቅሉ 25 ዲግሪ ሳለ የተስተካከለ ሞተር በድሬ የቀትር ሙቀት ሲሠራ ውሎ 75 ዲግሪ ከደረሰ ሬዚስታንሱ በ20 በመቶ ያህል አድጎ ይገኛል፤ ጭነት ሲያርፍበትም ከጠዋቱ ይበልጥ ፍጥነቱ ይወርዳል። መፍትሔው ፍጥነቱን በኢንኮደር (ሞተሩ ሲዞር የኤሌክትሪክ ምት በሚሰጥ መለኪያ) እየለኩ ቁጥሩን ማስተካከል ነው።

«ኢንኮደር ከተገጠመ ፍጥነቱ በራሱ ይረጋጋል።» ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። 20 ቀዳዳ ያለው ዲስክ በደቂቃ 300 ጊዜ ሲዞር በሰከንድ 100 ምት ይሰጣል፤ በየ10 ሚሊሰከንዱ ምት የሚቆጥር ፕሮግራም ታዲያ አንዴ 1፣ አንዴ 0፣ አንዴም 2 ሊያነብ ስለሚችል፣ ያልተዋዠቀውን ሞተር ራሱ ማዋዠቅ ይጀምራል። በዝቅተኛ ፍጥነት ምት ከመቁጠር ይልቅ በሁለት ተከታታይ ምቶች መካከል ያለፈውን ጊዜ በማይክሮሰከንድ መለካት፣ ከዚያም የጥቂት ልኬቶችን አማካይ መውሰድ ይገባል።