በሕክምና የታገዘ ሞት ምንድን ነው? ትንሽ ደሴት ላይስ ለምን ይከብዳል?

ስለ ጀርሲ ላም ሰምታችሁ ይሆናል። ወተቷ ቅቤ የሚበዛበት ያቺ ላም ስሟን ያገኘችው በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል ካለች ትንሽ ደሴት ነው። የደሴቷ ሕዝብ 103 ሺህ ገደማ ነው። የአዲስ አበባ አንድ ክፍለ ከተማ እንኳ ከዚያ በላይ ሰው ይኖርበታል። ይህች ትንሽ ቦታ ትልልቆቹን አገሮች ባስጨነቀ ጥያቄ ላይ ዓመታት ተከራክራለች፦ የማይድን ሰው ልሙት ብሎ ቢጠይቅ፣ ሐኪም እንዲረዳው ሕግ ይፍቀድ ወይስ አይፍቀድ? (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ቃሉን እናጥራ። በሕክምና የታገዘ ሞት ማለት በአብዛኛው፣ የማይድን ሕመም ይዞት ዕድሜው ወራት ብቻ የቀረው፣ አእምሮው ጤነኛ የሆነ አዋቂ ሰው፣ ማንም ሳይገፋው ራሱ ጠይቆ፣ ሐኪሞች መርምረው ከፈቀዱለት በኋላ፣ ሕይወቱን የሚያበቃ መድኃኒት የሚያገኝበት ሕጋዊ መንገድ ነው። መድኃኒቱን በሽተኛው በራሱ እጅ ሊወስደው ይችላል። ሐኪም ወይም ነርስ በመርፌ ከሰጡት ደግሞ ብዙ ጊዜ ዩታኔዢያ ይባላል። አሜሪካ ውስጥ ከ1997 ጀምሮ ሕጉ በሥራ ላይ ያለባት ኦሪገን የምትፈቅደው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ኔዘርላንድስና ካናዳ ሁለቱንም ይፈቅዳሉ። ጀርሲ ያቀደችውም ሁለቱንም ነው።

ብዙ ሰው ይህን ከሌላ ነገር ጋር ያምታታዋል። ቤተሰብና ሐኪም ተማክረው የመተንፈሻ ማሽን ቢነቀል፣ ያ የታገዘ ሞት አይደለም። ሕክምናው ነው የቆመው፤ ሰውየውን የወሰደው ሕመሙ ነው። ካንሰር ለጠናበት ሰው ሞርፊን መስጠትም አይደለም፤ እሱ ሥቃይ ማስታገስ ነው፣ ስሙም የማስታገሻ እንክብካቤ ነው። ልዩነቱን አጥብቄ የምናገረው በምክንያት ነው። ሰው ሞርፊንን ከሞት ጋር አያይዞ ከፈራው፣ ማስታገሻ ሊያገኝ ሲችል በሥቃይ ያልቃል።

በኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ ሌላ ሰው ራሱን እንዲያጠፋ መርዳት ያስቀጣል። ስለዚህ አገር ቤት ላለ ሰው ነገሩ ሩቅ ይመስላል። ካናዳ ላሉ ወገኖቻችን ግን ከ2016 ጀምሮ የሚኖሩበት አገር ሕግ ነው። የአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት ውስጥ የምትሠራ እህታችን አንድ ቀን ይህን ቃል ከበሽተኛ አፍ ልትሰማው ትችላለች። ሌላም አለ። እኛ ዘንድ ቤተሰብ ክፉ የሕመም ዜና ሲሰማ ከታማሚው ይደብቃል፣ «አይዞህ ትድናለህ» እያለ ያባብላል። ይህ ዓይነቱ ሕግ ባለበት አገር ግን ታማሚው የሕመሙን ሁኔታ ሳያውቅ ምንም ነገር አይጀመርም።

አሁን ወደ ደሴቶቹ። ጀርሲ፣ ገርንዚና የማን ደሴት በብሪታኒያ ዘውድ ሥር ናቸው፣ ግን የብሪታኒያ ክፍል አይደሉም። የየራሳቸው ምክር ቤት ሕግ ያወጣል፤ ሕጉ የሚጸናው ንጉሡ ሲፈቅዱ ነው። ገርንዚ በ2018 ሐሳቡን 24 ለ14 በሆነ ድምፅ ጣለችው። ጀርሲ ከዚያ የተለየ መንገድ መረጠች። በ2021 ከተራው ሕዝብ የተውጣጡ 23 ሰዎች ተሰብስበው፣ ከየአቅጣጫው ማስረጃ ሰምተው እንዲመክሩ ተደረገ፤ 78 በመቶው ይፈቀድ አሉ። በዚያው ዓመት ምክር ቤቱ በመርህ ደረጃ ተቀበለው። በ2024 ደግሞ ለመሞት ለተቃረቡ ሰዎች ብቻ እንዲፈቀድ 32 ለ14 ወሰነ፤ ሞቱ ያልቀረበ ግን ሊችለው የማይችለው ሥቃይ ያለበት ሰው ይካተት የሚለውን ሐሳብ አልተቀበለም። 84 ሺህ ሰው የሚኖርባት የማን ደሴት የሕግ ረቂቋን በ2025 በሁለቱም ምክር ቤቶቿ አሳለፈች፤ ረቂቁን ያቀረቡት አሌክስ አሊንሰን ራሳቸው ሐኪም ናቸው። ረቂቁ የአምስት ዓመት ነዋሪነት ይጠይቃል። ይህም ሰዎች ለመሞት ብለው ከውጭ እንዳይጎርፉ ነው።

እንግዲህ ትንሽ መሆን ምን ይለውጣል? እኔ እንደማየው ብዙ ይለውጣል፣ ክርክሩ ውስጥም በበቂ ሁኔታ አይነሳም።

የእነዚህን ሕጎች ጥበቃ አንድ በአንድ ተመልከቱ። ሁለት ሐኪሞች እያንዳንዳቸው በየፊናቸው ይመርምሩ። ምስክሩ ከሞቱ የሚጠቀም አይሁን። ያልፈለገ ሐኪም አይገደድ። የታማሚው ምስጢር ይጠበቅ። እያንዳንዱ ጥበቃ የሚሠራው ሰዎቹ ሳይተዋወቁ ሲቀሩ ነው። ትልቅ ከተማ ውስጥ ሁለተኛው ሐኪም የመጀመሪያውን አይቶት የማያውቅ ሰው ሊሆን ይችላል። አንድ ሆስፒታል ባለባት ደሴት ግን ሁለቱ ሐኪሞች አብረው ተረኛ ያድራሉ፣ ልጆቻቸው አንድ ትምህርት ቤት ይማራሉ፣ አንዱ ሌላውን «ተሳስተሃል» ካለው በኋላ ነገ ጠዋት አንድ ኮሪደር ላይ ይገናኛሉ። ክፉ ሰዎች ናቸው እያልኩ አይደለም። ጥሩ ሰዎችም ቢሆኑ ባልደረባቸውን መቃወም ይከብዳቸዋል፣ ሕጉ ደግሞ የታማሚውን ሕይወት ያሳረፈው እዚያ ተቃውሞ ላይ ነው።

ሐኪሙም ሰው ነው። በገጠር ያደገ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ነርሷ የእገሌ ልጅ ናት፣ ሐኪሙ የእገሊት ባል ነው። ደሴት ላይ አንድ ሐኪም በዚህ ሥራ ከገባ ሁሉም ያውቃል። አልገባም ካለም ሁሉም ያውቃል። በማን ደሴት የሐኪሞች ማኅበር ባደረገው መጠይቅ መልስ ከሰጡት ሲሶ ያህሉ ሕጉ ቢጸና ደሴቷን ለቅቆ መሄድን እንደሚያስቡበት ተናግረዋል። ሁሉም ይሄዳሉ ማለት አይደለም። ግን ሐኪም እንደልብ በማይገኝበት ቦታ ጥቂቶች ቢሄዱ የሚጎዳው ለመሞት ያልጠየቀውም በሽተኛ ነው።

የደሴቶች ስብስብ የሆነችው የአሜሪካ ግዛት ሃዋይ ጥሩ ማስተማሪያ ናት። ሕጉ እዚያ በ2019 ሥራ ላይ ዋለ። ዋና ከተማዋ ካለችበት ከኦዋሁ ደሴት ውጭ ባሉት ደሴቶች ግን ፈቃደኛ ሐኪም ማግኘት ከባድ ሆነ፤ በመጠበቂያው 20 ቀን ውስጥ የሞቱም ነበሩ። በ2023 ሕጉ ተሻሻለ፦ ከፍተኛ ሥልጠና ያላቸው ነርሶችም እንዲያስፈጽሙ ተፈቀደ፣ መጠበቂያው ወደ 5 ቀን ወረደ። ለታማሚው ያሰቡ ሰዎች ያደረጉት ነው፣ እረዳዋለሁ። ግን ልብ በሉ፣ የሰው እጥረት ጥበቃውን አሳጠረው። በመጀመሪያ ቀን የተገባው ቃል ከአራት ዓመት በኋላ ተቀየረ።

ሌላው የሚያሳስበኝ ሸክም የመሆን ስሜት ነው። ኦሪገን ውስጥ መድኃኒቱን ከወሰዱት ሰዎች ከአሥሩ አራቱ ገደማ «ለቤተሰቤ ሸክም ሆንኩ» የሚለውን ከምክንያቶቻቸው አንዱ አድርገው እንደጠቀሱ የግዛቲቱ ሪፖርቶች ያሳያሉ። በዚያው ኦሪገን፣ መድኃኒቱ ከታዘዘላቸው ሲሶ ያህሉ ሳይወስዱት ነው የሚሞቱት፤ አንዳንዶቹን እጃቸው ላይ መኖሩ ብቻ ያረጋጋቸዋል። ሁለቱም እውነት ነው። አንዱን ብቻ ይዞ የሚከራከር ሰው ግማሹን ነው የሚነግራችሁ።

የደጋፊዎቹንም ነገር በቀላሉ ማለፍ አልችልም። ሕጉ ከሌለ ገንዘብ ያለው ደሴተኛ ወደ ስዊዘርላንድ ይሄዳል። ለመብረር አቅም ሊኖረው ስለሚገባ፣ ሊኖር ከሚችለው ጊዜ ቀድሞ፣ ከቤቱና ከአልጋው ርቆ ይሞታል። ገንዘብ የሌለው ይቀራል። «እናቴ ባሕሩን እያየች መሞት ስትችል ለምን በሰው አገር?» ብሎ ለሚጠይቅ ልጅ እኔ የሚያጽናና መልስ የለኝም።

እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን ቅደም ተከተሉ ያሳስበኛል። መጀመሪያ የማስታገሻ እንክብካቤው ሌሊትም፣ ቅዳሜና እሑድም፣ በየቤቱ ይድረስ። ያ ሳይሟላ የሚጠየቅ ሞት ምርጫ ነው ለማለት ይከብደኛል። ቀጥሎ ሁለተኛው ሐኪም በግድ ከደሴቷ ውጭ ይምጣ፣ ደመወዙንም ሌላ ይክፈለው፤ ውሳኔዎቹን በኋላ የሚገመግሙትም እንዲሁ። እነዚህ ካልተሟሉ አይፈቀድ ባይ ነኝ።

ይህም ቢሆን የራሱ ጣጣ አለው። ጀርሲ ጉም የሚበዛባት ደሴት ናት፣ አውሮፕላን ማረፊያዋ በጉም የሚዘጋበት ቀን አለ። ከውጭ የሚጠበቀው ሐኪም በዚያ ቀን አይደርስም። ታማሚው ቀጠሮውን እየጠበቀ አንድ ሌሊት ይጨመርበታል፤ ያን ሌሊት አልጋው አጠገብ ሞርፊን ይዛ የምትቀመጠው የደሴቷ ነርስ ናት።