አንድ ፋብሪካ ለአዲስ ነገር ዝግጁ መሆኑ በምን ይታወቃል?

አዲስ ማሽን መግዛት የሥራው ቀላሉ ክፍል ነው። ገንዘቡ ካለ ማሽኑ ይመጣል። ጥያቄው የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ማን ያንቀሳቅሰዋል? ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል? መለዋወጫው ከየት ይገኛል? አቅራቢዎችስ ማሽኑ የሚፈልገውን ዓይነት ጥሬ ዕቃ ማምጣት ይችላሉ? የአምራቾችን የፈጠራ ዝግጁነት መገምገም ማለት እነዚህን ጥያቄዎች ገንዘቡ ከመውጣቱ በፊት መጠየቅ ነው።

ግምገማው ዓለም አይቶት የማያውቀውን ግኝት ብቻ አይመለከትም። ብዙ አገሮች መነሻ የሚያደርጉት ፈጠራ እንዴት እንደሚለካ የሚያስረዳውን መመሪያ፣ የኦስሎ ማንዋልን ነው። ማንዋሉን የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት (ኦኢሲዲ) እ.ኤ.አ. በ1992 አወጣው። አራተኛው እትም ደግሞ ከአውሮፓ ኅብረት የስታቲስቲክስ ቢሮ ከዩሮስታት ጋር በ2018 ታተመ። በማንዋሉ መሠረት አንድ ምርት ወይም አሠራር ድርጅቱ ዘንድ ከነበረው በግልጽ ከተለየ፣ ሥራ ላይም ከዋለ ፈጠራ ነው። ሌሎች ዘንድ የተለመደ መሆኑ ችግር የለውም። መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠ ጥሩ ሐሳብ ግን አይቆጠርም።

ዝግጁነትን በደረጃ መለካት የተጀመረው ከጠፈር ምርምር ነው። የናሳው ስታን ሳዲን እ.ኤ.አ. በ1974 አንድ ቴክኖሎጂ ምን ያህል እንደበሰለ የሚያሳይ መለኪያ አቀረበ። መጀመሪያ ሰባት ደረጃ ነበረው፤ በኋላ ዘጠኝ ሆነ። መለኪያው ጠቃሚ ነው፣ ግን የሚናገረው ስለ ቴክኖሎጂው እንጂ ስለ አምራቹ አይደለም። ላብራቶሪ ውስጥ በደንብ የሠራ ነገር በሺህ የሚቆጠር ሲመረት ሌላ ጣጣ ያመጣል። የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር አሥር ደረጃ ያለውን የማምረት ዝግጁነት መለኪያ የተቀበለውም ለዚህ ነው። ይሄኛው ጥሬ ዕቃን፣ ወጪን፣ የጥራት ቁጥጥርን፣ የሠራተኛ ክህሎትንና የፋብሪካውን ግቢ ሳይቀር ይጠይቃል። ስምንተኛው ደረጃ ላይ ለመድረስ በሙከራ የምርት መስመር ላይ ሠርቶ ማሳየት ግድ ነው። አሥረኛው ሙሉ ምርት ነው።

ዲጂታል አሠራር ሲስፋፋ መለኪያዎቹም በዙ። የጀርመኑ የምህንድስናና የቴክኖሎጂ አካዳሚ አካቴክ እ.ኤ.አ. በ2017 ስድስት ደረጃ ያለው የብስለት መለኪያ አወጣ። ኮምፒውተር ከማስገባት ይጀምርና ራሱን ከሁኔታው ጋር ማስማማት የሚችል ፋብሪካ ላይ ያበቃል። በዚያው ዓመት ሲንጋፖር የራሷን ይፋ አደረገች። እሱ ደግሞ አሠራርን፣ ቴክኖሎጂንና አደረጃጀትን በ16 መስፈርት ይመዝናል። አደረጃጀት ከቴክኖሎጂ እኩል ቦታ ማግኘቱ ትልቅ ነገር ነው። ፈጠራ ብዙ ጊዜ የሚወድቀው እዚያ ነውና።

የአሜሪካው መኪና አምራች የጄኔራል ሞተርስ ታሪክ ይህን በደንብ ያሳያል። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ለሮቦትና ለአውቶሜሽን (ሥራን በሰው ፋንታ በማሽን ለማሠራት) እጅግ ብዙ ገንዘብ አፈሰሰ። በ1985 ዲትሮይት ውስጥ የከፈተው የሃምትራምክ ፋብሪካ በሮቦት የተሞላ ቢሆንም መስመሩ በየጊዜው እየቆመ አስቸገረ። በዚያው ዘመን ከቶዮታ ጋር በሽርክና ካሊፎርኒያ ውስጥ የተዘጋ ፋብሪካውን እንደገና ከፈተ። እዚያ አብዛኞቹ የድሮዎቹ ሠራተኞች ነበሩ። የተለወጠው አሠራሩ ነው። ሠራተኛው ችግር ሲያይ መስመሩን ማስቆም ተፈቀደለት፣ ሐሳቡም ተሰማ። ጥራቱ በአጭር ጊዜ ተሻሻለ። ከሠላሳ ዓመት በኋላ በዚሁ ግቢ ቴስላ ሞዴል 3ን ሲያመርት አውቶሜሽን አበዛ፤ በ2018 የቴስላ ኃላፊ ኢሎን መስክ ራሱ ከልክ በላይ ማብዛቱ ስህተት እንደነበር በይፋ ተናገረ።

ምሁራኑ ኮኸንና ሌቪንታል እ.ኤ.አ. በ1990 ያቀረቡት ሐሳብ ምክንያቱን ያብራራል። አንድ ድርጅት ከውጭ የመጣ አዲስ እውቀት መጥቀሙን ለይቶ አውቆ ሥራ ላይ ለማዋል፣ አስቀድሞ ተቀራራቢ እውቀት ሊኖረው ይገባል። በሌላ አነጋገር የመማር አቅም በግዢ ብቻ አይመጣም። ቀስ በቀስ ይገነባል።

ስለዚህ ጥሩ ገምጋሚ መጠይቅ በትኖ አይመለስም። የምርት መስመሩ አጠገብ ይቆማል። የብልሽት መዝገብ አለ ወይ ብሎ ያያል። ማሽን ስንት ጊዜ እንደቆመና ለምን እንደቆመ የማይመዘግብ ፋብሪካ ሰንሰር (የማሽኑን ሁኔታ የሚለካ መሣሪያ) ቢገጠምለት ዳታውን ማን ይጠቀምበታል? ከሥራ አስኪያጁ ጋር ብቻ አያወራም፤ የማታ ፈረቃ ኦፕሬተሩንና የጥገና ባለሙያውን ለብቻ ያነጋግራል። ባለፈው የገባው አዲስ ሲስተም ምን ላይ እንደደረሰ ይጠይቃል። ሰዎቹ ትተውት ወደ ወረቀት ተመልሰው ከሆነ፣ ከማንኛውም ነጥብ በላይ ይሄ ይናገራል።

አማካይ ነጥብ ላይ መተማመንም አደገኛ ነው። በገንዘብና በመሣሪያ ከፍተኛ ነጥብ ያገኘ፣ በጥገና ግን ባዶ የሆነ ፋብሪካ አማካዩ ደህና ይመስላል። መስመሩን የሚያቆመው ግን ዝቅተኛው ነጥብ ነው። በተለይ አነስተኛ አምራቾች ዘንድ አንድ ቴክኒሻን ሥራ ሲለቅ ሁሉም ነገር አብሮት ይሄዳል። ነጥቡ ለብድር ወይም ለድጋፍ መስፈርት ሲሆን ደግሞ ድርጅቶች ራሳቸውን ከፍ አድርገው መሙላታቸው አይቀርም፤ መረጃው በአካል የሚረጋገጠው ለዚህ ነው። ውጤቱም ለዘለቄታ አይሆንም። ሠራተኛ ይቀያየራል፣ አቅራቢ ይለወጣል። አንድ የሙከራ መስመር ከሠራ በኋላ ምርቱን ከማስፋት በፊት ግምገማውን መድገም ያስፈልጋል፤ ያን ጊዜ ፋብሪካው የሚመልሰው በግምት ሳይሆን በእጁ ካለው መዝገብ ነው።