የኃይል ማሳያ ምንድን ነው? መርከቧ የወጣችው ልትታይ ነው

አንዲት የጦር መርከብ ከወደቧ በተነሳች ቁጥር «ሦስተኛው የዓለም ጦርነት ደረሰ» የሚል ተንታኝ በዝቷል። እዚህ ባሕር ዳር እንኳ፣ መንገደኛ ወደ ዘጌ የሚያመላልሱ ጀልባ ነጂዎች የአንዱን ቪዲዮ እያሳዩ «ጋሼ፣ እርስዎ የባህር ኃይል ሰው ነበሩ፤ እውነት ነው እንዴ?» ይሉኛል። እውነት አይደለም። ሰውዬው የኃይል ማሳያን ከጦርነት ዝግጅት ጋር ደባልቆታል። አንድ ጊዜ ቢሆን ባላየ ባለፍኩ። እሱ ግን በየሳምንቱ ካርታ ላይ ቀይ ቀስት ይስላል።

የኃይል ማሳያ ማለት ባላንጣ እንዲያየው ተብሎ የሚላክ ጦር ነው። ካልታየ ከንቱ ድካም ነው። ስለዚህ መግለጫ ይወጣለታል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ጋዜጠኛ ይጋበዝበታል። በድንገት ሊመታ የተነሳ ሰው እንዲህ አያደርግም። በ1941 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የአሜሪካን የባህር ኃይል ሰፈር ፐርል ሃርበርን ለመምታት የሄዱት 6 የጃፓን አውሮፕላን ተሸካሚ መርከቦች ሬዲዮ ዘግተው፣ ንግድ መርከብ በማይበዛበት በሰሜን ፓስፊክ በኩል ነው የተጓዙት። መግለጫ አላወጡም።

ሠርግ ላይ ፉከራ ያላየ ሰው የለም። ፎካሪው «ዘራፍ!» ብሎ ይነሳል። ጠመንጃውን ያወዛውዛል፣ አባቱን ይጠራል፣ የጣለውን ይቆጥራል። ከዳሱ ሮጦ የሚወጣ ግን የለም። ደም ሊመልስ የመጣ ሰው እንደማይፎክር ሁሉም ያውቃል፤ እሱ ጥሻ ውስጥ አድፍጦ ነው የሚጠብቀው። ፎካሪው ዳሱ ውስጥ ሦስት ዓይነት ሰሚ አለው። አንዱ ባላንጣው ነው፤ «አለሁ» ይለዋል። ሁለተኛው ወዳጁ ነው፤ «አይዞህ፣ አልተውኩህም» ይለዋል። ሦስተኛው የገዛ ቤተሰቡ ነው፤ እነሱ ፊት ፈሪ መባል አይፈልግም። በ1996 አሜሪካ ወደ ታይዋን አካባቢ ሁለት የአውሮፕላን ተሸካሚ ቡድኖች ስትልክ ለቤጂንግ ብቻ አልነበረም የተናገረችው። ታይፔም፣ ቶኪዮም፣ ዋሽንግተን ያለው ምክር ቤትም ይሰማ ነበር። ተንታኛችን የሚታየው የመጀመሪያው ሰሚ ብቻ ነው።

ፉከራ ሁሉ ይሠራል ማለትም አይደለም። በዲሴምበር 1971 አሜሪካ ኢንተርፕራይዝ የተባለችውን መርከብ ወደ ቤንጋል ባሕረ ሰላጤ ልካ፣ ከፓኪስታን ጋር ጦርነት ላይ የነበረችውን ህንድን ለማስፈራራት ሞከረች። ህንድ ግን አልቆመችም፤ ዳካ የነበረው የፓኪስታን ጦር ወዲያው እጁን ሰጠ። የ2017ቱ ደግሞ ያስቃል። የአሜሪካዋ አውሮፕላን ተሸካሚ ካርል ቪንሰን ወደ ኮሪያ እየገሰገሰች ነው ተብሎ ዓለም ሲንጫጫ፣ መርከቧ ኢንዶኔዥያ፣ ሱንዳ ሰርጥ ላይ ወደ ሌላ አቅጣጫ ትሄድ ነበር። ፎካሪው ገና ዳሱ አልደረሰም፤ እልልታው ግን ቀልጧል።

እግረ መንገዴን፦ ወደ አንድ ባህር የምትሄድ መርከብ ሁሉ ልትፎክር አይደለም የምትሄደው። ብዙ ጊዜ ወር ተረኛ ናት። ተተኪዋ ስትደርስ ነባሯ ገና አልወጣችም፤ ለተወሰነ ቀን ሁለት ይሆናሉ። ተንታኛችን ይሄኔ «ኃይላቸውን እጥፍ አደረጉት» ይላል።

«ኒውክሌር ሰርጓጅ» ሲባልም እንዲሁ ነው። በኦገስት 2025 ትራምፕ ከቀድሞው የሩሲያ ፕሬዚዳንት ከሜድቬዴቭ ጋር በቃላት ተወራውረው ሁለት ኒውክሌር ሰርጓጅ መርከቦች እንዲንቀሳቀሱ አዘዝኩ አሉ። ኒውክሌር ያሉት ሞተሩን ይሁን መሣሪያውን አልገለጹም። የአሜሪካ ሰርጓጅ መርከቦች ሁሉም የሚሄዱት በኒውክሌር ኃይል ነው። ባለስቲክ ኒውክሌር ሚሳይል የታጠቁት ግን ኦሃዮ ከሚባሉት 14ቱ ናቸው። የእነሱ ሥራ ደግሞ መደበቅ ነው። በ2023 ከእነሱ አንዷ፣ ኬንታኪ፣ ደቡብ ኮሪያ ቡሳን ወደብ ገብታ ስትታይ፣ ያ ፉከራ ነበር። ለመምታትማ ቡሳን ድረስ መምጣት አያስፈልጋትም፤ ሚሳይሏ ከሩቅ ውቅያኖስ ይደርሳል።

ታዲያ አደጋ የለም ወይ? አለ እንጂ። ተንታኙ በሚጠቁመው ቦታ ግን አይደለም። ዳሱ ጠባብ ነው፣ ጠመንጃው ጎርሷል፣ ፎካሪው ሞቅ ብሎታል። ሌላውም ሊመልስለት ተነስቷል። አንዱ አንዱን ሳያስበው ይገፋዋል።

ኦክቶበር 27 ቀን 1962 ኩባ አጠገብ የሆነው ይሄ ነው። የሶቭየቷ ቢ-59 በናፍጣና በባትሪ የምትሄድ ሰርጓጅ ነበረች፤ ግን አንድ ኒውክሌር ቶርፒዶ ይዛለች። አሜሪካኖቹ ይህን አያውቁም። ወደ ላይ እንድትወጣ ምልክት ለመስጠት ብለው የመለማመጃ ፈንጂ ይጥሉባታል። የምልክቱን ትርጉም ለሞስኮ አስቀድመው ነግረዋል፤ መልእክቱ ግን እሷ ዘንድ አልደረሰም። ውስጧ ሙቀቱ አይቻልም፣ ባትሪው ሊያልቅ ነው፣ ከላይ ይፈነዳል። አብረው የነበሩ ሰዎች በኋላ እንደተናገሩት አዛዡ ሳቪትስኪ ቶርፒዶው እንዲዘጋጅ አዞ ነበር። ያበረደው እዚያው የነበረው መኮንን ቫሲሊ አርኪፖቭ ነው። ልብ በሉ፤ ዋሽንግተንም ሞስኮም በዚያ ቀን ጦርነት አልፈለጉም።

በሜይ 1972 ሁለቱ አገሮች ሞስኮ ላይ አንድ ስምምነት ፈረሙ። ስለ መሣሪያ ቅነሳ ምንም አይልም። ርቀት ጠብቁ፤ ሌላው መርከብ ላይ መድፍ አትደግኑ፤ ማዘዣ ክፍሉ ላይ መብራት አታብሩ፤ ምልክት ተሰጣጡ፤ በየዓመቱ ተቀምጣችሁ ተወቃቀሱ። ሲያነቡት ያሰለቻል። ለባህረኛ ግን ከስንት የመሪዎች ንግግር ይበልጣል። ፉከራው በዚህ አልቀረም። በ1988 ጥቁር ባህር ላይ የሶቭየት መርከቦች ሁለት የአሜሪካ መርከቦችን ሆን ብለው ገጭተዋል። የተኮሰ ግን የለም። በጃንሆይ ዘመን ምፅዋ ላይ የባህር ኃይል ቀን ሲከበር የሁለቱም ወገን የጦር መርከቦች በእንግድነት ይመጡ ነበር፤ ባህረኛ ከባህረኛ መግባባት አያቅተውም፣ ሕጉ ካለ።

ስለዚህ ወንድሜ ተንታኙ፣ መርከብ መቁጠሩን ተውና መነጋገሪያው መንገድ ክፍት ይሁን ዝግ ጠይቅ። በኦገስት 2022 ያኔ የአሜሪካ ምክር ቤት አፈ ጉባኤ የነበሩት ናንሲ ፔሎሲ ታይዋንን ከጎበኙ በኋላ ቻይና ዙሪያውን ሚሳይል እየተኮሰች ልምምድ አደረገች። ሁሉም ሚሳይሉን ቆጠረ። በዚያው ሳምንት ቻይና ከአሜሪካ ጋር የነበራትን የባህር ደህንነት ወታደራዊ ውይይት ሰረዘች። መደንገጥ የነበረብህ ያኔ ነው። ውይይቱ የቀጠለው በኤፕሪል 2024 ነው። በመካከሉ፣ በጁን 2023፣ አንዲት የቻይና የጦር መርከብ ታይዋን ሰርጥ ላይ ከአሜሪካዋ ቸንግ-ሁን ፊት ለፊት 140 ሜትር ገደማ ቀርባ አቋርጣለች። አሜሪካዋ መርከብ ፍጥነቷን ቀንሳ ተረፉ። ስለዚህ ነገር የሚወቃቀሱበት ጠረጴዛ ያን ጊዜ አልነበራቸውም።